ለሎጎ ሐይቅና ለአርዲቦ የሚሆን ያገለገለ የሞተር ጀልባ እንዴት ይመረጣል?

ደቡብ ወሎ ውስጥ በሎጎና በአርዲቦ ሐይቆች አካባቢ ካሉት ከሐይቅ ከተማ፣ ከተሁለደሬ ቀበሌዎችና ከደሴ ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባሕር ዳር ያገለገለ ጀልባ ከነሞተሩ አግኝተናል፤ ፎቶው ይኸው፤ እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» አንዳንዴ ቦታው ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ይሆናል። በፎቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ፎቶ ቀለሙን ያሳያል፤ ጀልባ ደግሞ የሚበላሸው ከቀለሙ ሥር ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ሄዳችሁ የምትፈትሹበትን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስቀምጠናል። ከ4 እስከ 7 ሜትር ርዝመት ላላቸው፣ ሞተራቸው ከኋላ በውጭ በኩል ለሚሰቀል ጀልባዎች ይሠራል፤ ዓሣ ለሚያሰግሩ ማኅበራትም፣ እንግዳ ለሚያንሸራሽሩ ወጣቶችም።

ሁለት ነገር ከመነሻው ያዙ። መጀመሪያ የሚፈተሸው ቀፎው፣ ማለትም ከሞተሩ በቀር ያለው የጀልባው አካል ነው። ሞተር ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ይለወጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ቀፎ ግን ጥገናው ከግዢው ሊበልጥ ይችላል። ቀጥሎ ከፍታው አለ። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው፤ አርዲቦ ከዚያም ይበልጣል። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር እኛ ዘንድ የ32 ያህሉን ሥራ ነው የሚሠራው። ይህን ያልቆጠረ ሰው ደካማ ሞተር ይገዛል፤ ወይም ደህናውን ሞተር «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈታዋል።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- የፕላስቲክ እጀታ ያለው መዶሻ (የካቻቢቴ እጀታም ያገለግላል)፣ ወስፌ፣ ትንሽ ማግኔት
- የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ 8 ሜትር ሲባጎ፣ ጠመኔ
- የካንዴላ ቁልፍ፣ የኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ፣ ቴስተር፣ በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም የዙር መለኪያ
- ለማርሽ ቤት (ፕሮፔለሩ ለሚገጠምበት የሞተሩ የታችኛ ክፍል) ብሎን የሚሆን ሰፊ ካቻቢቴ፣ ነጭ ሳህን፣ አዲስ የዘይት ብሎን ሮንዴላ
- የራሳችሁ 20 ሊትር ንጹሕ ቤንዚንና ለሞተሩ ዓይነት የሚስማማ ዘይት
- ባለ 25 ሊትር ባዶ ጀሪካኖች፣ እስከ 15
- ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ 20 ሜትር ገመድ
- የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት

ቤንዚኑን የራሳችሁ አድርጉት ያልነው በምክንያት ነው። ሻጩ ሰርባቶዮ ውስጥ ያለው ቤንዚን የቆየ ወይም ውሃ የገባበት ከሆነ፣ የነዳጁን ችግር ከሞተሩ ችግር መለየት አትችሉም።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ለዩ

ጀልባውን ከማየታችሁ በፊት ስንት ሰው ወይም ስንት ኪሎ እንደምትጭኑ ጻፉ። ከ6 ሜትር ለማይበልጥ ጀልባ የሚሆን ቀላል ስሌት አለ፦ ርዝመቱን በወርዱ አባዙና ለ1.4 አካፍሉ። 5.5 ሜትር ርዝመትና 1.8 ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ 9.9 ይመጣል፤ ለ1.4 ሲካፈል 7 ሰው ነው፤ ሹፌሩን ጨምሮ። ይህም ውሃው ሲረጋ ነው። ሻጩ «12 ሰው ይጭናል» ካላችሁ መቀመጫ ቆጥሮ ነው የሚነግራችሁ።

ሎጎ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ከ7 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ለፍጥነት ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ለሁለት አሥጋሪዎችና ለመረባቸው 4.5 ሜትር ጀልባ ከ15 የፈረስ ጉልበት ጋር ይበቃል፤ ሰባት ሰው ለሚጭን 5.5 ሜትር ጀልባ ከ25 እስከ 40 ፈልጉ። ካርቡራተር ያለው ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው) 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ይህን በደንብ አስቡበት፤ ባለ አራት ምቱ ከዚያ በግልጽ ያነሰ ነው የሚጠጣው።

2. ሰነዱን እዩ

ሞተሩን ከጀልባው ጋር ከሚይዘው ቅንፍ ላይ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ሳህን አለ። ቁጥሩ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ወይም ከቀድሞው የሽያጭ ውል ጋር ይግጠም። ተፍቆ ወይም ተነቅሎ ካገኛችሁት ሌላውን ሳትፈትሹ ተመለሱ። ወደ ሐይቅ ስታመጡት ምን ፈቃድና ምርመራ እንደሚጠየቅም ከመክፈላችሁ በፊት የወረዳውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

3. ቀፎውን ከውጭ ፈትሹ

ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፣ ቢቻል ሁለት ቀን ደርቆ፣ ሆዱ ከመሬት ተነሥቶ ይጠብቃችሁ። ውሃ ላይ ያለ ጀልባ ግማሹ አይታይም።

ሲባጎውን ከኋላ ጠርዝ ጀምራችሁ በሆዱ ርዝመት ወጥራችሁ ያዙ። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ወይም የተቆለመመ ከሆነ ለረጅም ጊዜ በመጥፎ አቀማመጥ ቆይቷል፤ ወይም ከሥር የሚደግፈው እንጨት ተበላሽቷል።

ፋይበርግላስ ከሆነ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በመዶሻው እጀታ አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላጠው ወይም ውሃ የጠጣው ደግሞ ዱልዱም፣ የታፈነ ነው። ዱልዱሙን ቦታ በጠመኔ ክበቡት። ስትጨርሱ ራቅ ብላችሁ ክበቦቹን እዩ። ተበታትነው ከሆነ ጥቃቅን ጉዳት ነው፤ አንድ ላይ ከተከማቹ እዚያ ተመትቶ በላዩ ተቀብቷል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥ። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ጥፍራችሁ የሚገባበት፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በተለይም ጎንና ሆድ በሚገናኙበት ማዕዘን ያለ ስንጥቅ ግን ከሽፋኑ ሥር ወዳለው የፋይበር ጨርቅ ዘልቋል።

ከሆዱ ላይ ሳንቲም የሚያህሉ እብጠቶች ካሉ መነጽር አድርጋችሁ አንዱን በወስፌ ውጉ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተጨንቆ ስለሚቆይ ይፈናጠራል፤ ለዚህ ነው መነጽሩ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ውሃው የፋይበሩን ጨርቅ ከያዘው ሙጫ፣ ከሬዚኑ ጋር መሥራት ጀምሯል። አምስት ስድስት እብጠት ይጠገናል። ሆዱን ሙሉ ከሸፈነው ግን ተፍቆ፣ ለሳምንታት ደርቆ እንደገና መለበስ አለበት፤ ያን ሥራ ለመጀመሪያ ጀልባቸው ለሚገዙ ሰዎች አንመክርም።

የሆዱን መሃል ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። በየቀኑ ድንጋይ ላይ እየተጎተተ የወጣ ጀልባ እዚያ ይሳሳል፤ የፋይበሩ ጨርቅ ፀጉር መስሎ ይወጣል።

የብረት ጀልባ ከሆነ ጠላቱ ዝገቱ ነው፤ የሚበላውም ከውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ውሃ ከሚያቁርበት ቦታ ነው። ወለሉን አስነሥታችሁ በባትሪ እዩ። ከውጭ በመዶሻ ስትመቱት የሚሰረጉድ ላሜራ አልቋል። ማግኔቱን በሆዱ ላይ አንሸራትቱ፤ ድንገት መያዙን ከለቀቀ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ቀዳዳና ጉድጓድ መድፈኛ ለጥፍ) ተሞልቷል ማለት ነው። በያጅ በኮምቦልቻም በደሴም ስለሚገኝ አንድ ሁለት ቦታ መጣፍ ያስኬዳል፤ በስቱኮ ላይ ግን አይበየድም፤ ተፍቆ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ መሄድ አለበት።

አሉሚኒየም ከሆነ የተመታባቸውን ምስማሮች ፈትሹ። ጀልባውን በብዙ ቦታ ደግፋችሁ ከውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሙሉበትና ከውጭ የሚንጠባጠብበትን በጠመኔ አመልክቱ። አብዝታችሁ አትሙሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ነው፤ ደህናውን ቀፎ ራሳችሁ ታጣምሙታላችሁ።

4. ሞተር የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ ፈትሹ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። በብዙ የፋይበርግላስ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ውስጥ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) አለ። ሞተሩን የያዙት ብሎኖች ያንን እንጨት በስተው ያልፋሉ። በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ያለው ፋይበር ግን ምንም ሳይመስል ይቆያል። ግድግዳው ሐይቁ መሃል ሲለቅ ሞተሩ ይዞት ይሄዳል። ሎጎ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የወደቀ ሞተር አይወጣም።

ፍተሻው እንዲህ ነው፦

ሀ. ሞተሩን ወደ ላይ አንሡና በመቆለፊያው አስይዙት። ከዚያ አንድ ሰው የሞተሩን የታችኛ ጫፍ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዝ፤ ሌላው ዓይኑን ከግድግዳው የላይኛ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ይመልከት። ግድግዳው እንደ ካርቶን ከተለመጠ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ውሃ ከተፋ በስብሷል። የሞተሩ ቅንፍ ራሱ የተወሰነ ክፍተት ሊኖረው ስለሚችል ቅንፉን ሳይሆን ግድግዳውን እዩ።

ለ. ከውስጥም ከውጭም አንኳኩ፤ በተለይ ከታች፣ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳው አካባቢ። ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ብስባሹ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሐ. በሻጩ ፈቃድ አንድ ትንሽ ብሎን ፈትታችሁ ወስፌውን በቀዳዳው አስገቡ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል። ወስፌው እንደ ቅቤ ከገባና ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ ብናኝ ይዞ ከወጣ በቂ ነው። ሻጩ አንድ ብሎን አላስፈታም ካለ ያንኑ መልሱ አድርጋችሁ ውሰዱት።

መ. የሞተሩ ማቀፊያ የነከሰበትን ቦታ እዩ። እየተጠበቀ ወደ ውስጥ የሰመጠ ከሆነ ከሥሩ ያለው እንጨት ለስልሷል።

ግድግዳው በስብሶ ሳለ ሌላው የቀፎው ክፍል ሁሉ ደህና ከሆነና ዋጋው ያንን ያህል ከወረደ ማደስ ይቻላል። ውሃ የማይለቀው ሙጫ ያለው ኮምፔርሳቶ ሁለት ድርብ ተጣብቆ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሠራል፤ ከዚያ በፋይበር ጨርቅና በሬዚን ይለበሳል። ለቁም ሣጥን የሚሸጠውን ተራ ኮምፔርሳቶ አታስገቡ፤ ንብርብሩ በአንድ ክረምት ይላቀቃል። ሥራውን ደሴ ላይ በብርድ ከምታሠሩት ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በበጋ አሠሩት። ፖሊስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም፤ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል፤ ማድረቂያውን አብዝቶ መጨመርም መሰንጠቅን ያመጣል።

5. ወለሉና ክብደቱ

በወለሉ ላይ በተረከዛችሁ እየረገጣችሁ ከፊት እስከ ኋላ ሂዱ። የሚሰምጥ ቦታ ካለ ኮምፔርሳቶው ወይም ከሥሩ በርዝመት የተዘረጉት ተሸካሚ እንጨቶች ተበልተዋል። ወለል መቀየር ቀላል ነው፤ ተሸካሚዎቹ ግን የቀፎው አጥንት ናቸው።

ከወለሉ ሥር ለመንሳፈፊያ ተብሎ የሚሞላ ፎም አለ። ያረጀ ፎም ውሃ ጠጥቶ ይይዛል፤ አይለቅም። ይህን የሚያሳየው ሚዛን ነው። ጀልባውን በመኪና ጭናችሁ በጭነት መኪና ሚዛን አስመዝኑ፤ የመኪናውን ባዶ ክብደት ቀንሱ። አዲስ ሳለ ከነበረው ክብደት 100 ወይም 150 ኪሎ ከበለጠ ያ ሁሉ ውሃ ነው፤ ሁለት መንገደኛ ዘወትር በነፃ ትጭናላችሁ። ሚዛን ካልተገኘ አንድ ፎም ያለበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ቁራጩ ይውጣና በእጃችሁ ጨምቁት።

6. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ

ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ በብርድ አልነሣም የሚል ሞተር ሲሞቅ ጤነኛ ይመስላልና በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ።

የማርሽ ቤቱ ዘይት። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ካደረ በኋላ ነጩን ሳህን ከሥር አድርጋችሁ የታችኛውን ብሎን በጥቂቱ ፍቱ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ በፓራኦሊዮው (በዘንጉ ዙሪያ ባለው የዘይት ማገጃ ጎማ) በኩል ውሃ ገብቷል። በብሎኑ ጫፍ ላይ ያለ ስስ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን ጥርሱ ተሰብሯል ማለት ነው። ብሎኑን ስትመልሱ አዲስ ሮንዴላ አድርጉ፤ የወጣውንም ዘይት ያህል ተኩ።

ፕሮፔለሩን አውልቁና ከኋላው ያለውን ዘንግ እዩ። ዓሣ በሚሰገርባቸው ሐይቆች ላይ የሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ እዚያ የመረብ ክር ጠምጥሞ ይገኛል። የናይለን ክር ሲሽከረከር ፓራኦሊዮውን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል፤ ዘይቱ የሚነጣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ዘንጉን በእጅ አሽከርክሩ፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል።

ኮምፕረሽን። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፤ ብልጭታው ቤንዚን እንዳያቀጣጥል ገመዶቹን ከብረት ጋር አገናኙ፤ ጋዙን ሙሉ ክፈቱ፤ ከዚያ ቁጥሩ መጨመሩን እስኪያቆም ሳቡ። ብዙዎች ከመመሪያው ቁጥር ጋር አስተያይተው ይደነግጣሉ። መለኪያው የሚያነበው ሞተሩ የሳበውን አየር ነው፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 97 ገደማ ቢያሳይ ትክክል ነው። እናንተ የምትፈልጉት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ዝቅ ያለው ሲሊንደር ተጎድቷል። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሳችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቁት የፒስቶን ቀለበቶች ናቸው፤ ካልተለወጠ ጓርኒሲዮኑን (በሲሊንደሩና በክዳኑ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ባለ አራት ምት ከሆነ ቫልቩንም ጨምሩ።

ካንዴላዎቹን በተርታ አስቀምጡ። ቡናማ ጤነኛ ነው። ሁሉም ጥቁርና እርጥብ ከሆኑ ቤንዚን በዝቶበታል። አንዱ ብቻ እንደታጠበ ንጹሕ ከሆነ ወደዚያ ሲሊንደር ውሃ ይገባል።

የሲሊንደሩ ክዳን አካባቢ ቀለሙ ካረረ ወይም ከተላጠ ሞተሩ ከዚህ በፊት በሙቀት ተቃጥሏል። ከጅቡቲ በኩል የመጣ፣ በባሕር ላይ የሠራ ሞተር ከሆነ ደግሞ የማቀዝቀዣው መተላለፊያዎች በጨው ሊደፈኑ ስለሚችሉ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ክዳን አስፈትታችሁ ነጭ ክምችት እንዳለ እዩ።

7. አስነሡት

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሞተር ያለ ውሃ ለአፍታም አታስነሡ። የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ የሚለሰልሰው በውሃው ነው፤ በደረቁ ሲዞር በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልታችሁ፣ ፕሮፔለሩ እንደወለቀ፣ የውሃ መሳቢያው ወንፊት በደንብ እስኪሰጥም አስገቡት። ሥራው በደጅ ይሁን፤ ጭሱ በዝግ ቤት ይገድላል።

ባለ ሁለት ምት ሲነሣ ቀላል ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ከጎኑ ያለው የማሳያ ቀዳዳ ውሃ ወዲያው፣ በማያቋርጥ ፍሰት መትፋት አለበት። ካልተፋ አጥፉት፤ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጥረጉና ድገሙ። አሁንም ካልተፋ ክንፉ አልቋል። ክንፉ ርካሽ ነው፤ ጥያቄው ሞተሩ ስንት ጊዜ በዚያ ሁኔታ ሠርቷል የሚለው ነው። አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ክዳኑ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ ከተንጫጫ ሙቀቱ ከልክ አልፏል።

ከሹፌሩ እጅ የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ ሲነቀል ሞተሩ በቅጽበት መጥፋት አለበት። ይህ ካልሠራ ውሃ ላይ አትውጡ።

8. ውሃ ላይ፣ በሙሉ ጭነት

ባዶ ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ወጥቶ የሚደረግ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም። አንድ ሰው ማለት ውሃ የተሞሉ ሦስት ባለ 25 ሊትር ጀሪካኖች ማለት ነው፤ 75 ኪሎ። ሰባት ሰው ልትጭኑበት ካሰባችሁ ሁለታችሁ ጀልባው ላይ ውጡና 15 ጀሪካን ጫኑ፤ እንዳይንሸራተቱም እሰሯቸው።

ከመነሣታችሁ በፊት የሞተሩን ልክ እዩ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መሆን አለበት። አጭሩ ሞተር ለ38፣ ረጅሙ ለ51 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ የተሠራ ነው። ሞተርና ቀፎ ለየብቻ ተገዝተው የተጋቡ ከሆነ ይህ ልክ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ዝቅ ካለ ውሃ እየገፋ ቤንዚን ይበላል።

አሥር ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ዜሮ፣ ወደ ኋላ ማርሹን ቀያይሩ። ማርሹ ሲገባ «ጠቅ» ማለቱ ደህና ነው፤ እየገባ የሚወጣ ማርሽ ጥርሱ ተበልቷል። ከዚያ ሙሉ ጋዝ ስጡና ዙሩን አንብቡ። ብዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች በሙሉ ጋዝ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500፣ ባለ አራት ምቶቹ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይፈልጋሉ፤ የእናንተን ልክ ከመመሪያው አረጋግጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ጀልባው ግን ካልተፋጠነ በፕሮፔለሩ እምብርት ያለው ጎማ እየተንሸራተተ ነው።

ዙሩ ከታች ከቀረና አፍንጫው ተነሥቶ አልወርድ ካለ ቶሎ ሞተሩን አትውቀሱ። ፕሮፔለሩ ላይ በኢንች የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለተኛው በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደውን ርቀት ያመለክታል። አንድ ኢንች ስትቀንሱ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ለእኛ ከፍታ ከ13 ወደ 11 መውረድ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ሞተሩ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ከሆነ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ጂግለር የሚባለው ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎንም በአነስተኛ ቀዳዳ መለወጥ አለበት፤ አለበለዚያ በስስ አየር ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል።

ስትመለሱ ወለሉን ከፍታችሁ የገባውን ውሃ በባትሪ እዩ፤ የማርሽ ቤቱንም ዘይት ሞተሩ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና አንጠባጥቡ። ጠዋት ንጹሕ የነበረ ዘይት ከጭነት ሥራ በኋላ ከነጣ ፓራኦሊዮው በጭነት ብቻ ይለቃል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

አዲስ ቀለም አይቶ መግዛት። ለሽያጭ ሲባል ባለፈው ሳምንት ሆዱ የተቀባ ጀልባ ከተላጠው ይልቅ መጠርጠር አለበት።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል መሯሯጥ። ዓሣ ፈላጊ ሲበዛ ጀልባ ፈላጊም ይበዛል፤ ሻጩ ለፍተሻ ጊዜ አይሰጥም። በክረምት መጨረሻ ፈልጉ።

መለዋወጫው አዲስ አበባ እንኳ የማይገኝ ሞተር በርካሽ መግዛት። የውሃ ፓምፑ ክንፍ፣ ፓራኦሊዮው፣ ካንዴላውና ፕሮፔለሩ መገኘታቸውን በስልክ አረጋግጣችሁ ግዙ።

ቤንዚንና ዘይት በግምት መቀላቀል። ብዙ ባለ ሁለት ምቶች 50 ለ1 ይፈልጋሉ፤ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ዘይት ካነሰ ፒስቶኑ ይነክሳል። በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ደግሞ የሞተር ሳይክል ዘይት አይሆንም።

9. እምቦጭ ይዛችሁ እንዳትመጡ

ጀልባው ከጣና፣ ከዝዋይ ወይም ከቆቃ የሚመጣ ከሆነ ይህ ደረጃ አይታለፍም። እምቦጭ በጣና ዳርቻ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሎጎና አርዲቦ ደግሞ ጣናን ሲያዩ ትንንሽ ናቸው። ከአንዲት የተቆረጠች ቅጠልና ሥር ይራባል፤ ዘሩም በደረቀ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

እዚያው ሻጩ ዘንድ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ርቃችሁ ጀልባውን ከውስጥም ከውጭም በግፊት ውሃ እጠቡ። ወለሉን አንሡ፤ የማፍሰሻውን ቡሽ አውጡ፤ መልሕቁን፣ የገመዱን ቋጠሮዎች፣ የሞተሩን ቅንፍ ስንጥቆች ከጭቃ አጽዱ። ከዚያ ቢያንስ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ። የሠራበትን መረብ «በምርቃት» ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ በመረቡ ዓይን ውስጥ የሚቀረውን አጥቦ መጨረስ አይቻልም።

10. ማጓጓዝና የመጀመሪያው ቀን

ሞተሩን አውልቁ። ከባሕር ዳር በሚያመጣው መንገድ፣ በጋሸናና በድልብ ቁልቁለት ላይ ሞተር ተሰቅሎበት የሚንገጫገጭ ግድግዳ እዚያው ይሰነጠቃል። ባለ ሁለት ምቱ ሲጋደም ራሱ ከማርሽ ቤቱ ከፍ ይበል፤ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደር እንዳይፈስ። ባለ አራት ምቱ በመመሪያው በተጠቀሰው ጎን ብቻ ይተኛል፤ አለበለዚያ ዘይቱ ሲሊንደር ይገባል። ቀፎውን በአይሱዙው ላይ በአሮጌ ጎማዎች አስተኙት፤ ጎማዎቹ በተሸካሚዎቹ ልክ ይቀመጡ። ማሰሪያው ጠርዙን በሚነካበት ሁሉ ጨርቅ አድርጉ። ከመኪናው አልፎ የወጣው ጫፍ ሳይደገፍ አይንጠልጠል፤ ቀይ ጨርቅም ይታሰርበት።

ሐይቅ ስትደርሱ አብሽሩ፣ ቶሎ ሥራ ይጀምራል፤ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ያለ ሞተር፣ ያለ ሰው፣ ዳር ላይ ታስሮ ይደር። ከማሰራችሁ በፊት ቡሹ መግባቱን ሁለት ሰው ይመልከት። ጠዋት ከወለሉ ሥር ውሃ ካገኛችሁ በመንገድ ላይ የተሰነጠቀ አለና አውጥታችሁ በደረቁ ቀፎ ላይ በጠመኔ ያመለከታችኋቸውን ቦታዎች እንደገና አንኳኩ። ደረቅ ካደረ ሞተሩን ስቀሉ፤ በብሎኖቹ ቀዳዳዎች ሁሉ አዲስ የውሃ ማሸጊያ ሙሉባቸው፤ ከማቀፊያው ሌላም ሞተሩን በዝገት በማይበላ ሰንሰለት ከጀልባው ቀለበት ጋር እሰሩት። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ብሎኖቹን ድጋሚ አጥብቁ፤ እንጨቱ ሲጨመቅ ይላላሉ።